ከአጥር በላይ፦ ከርብቃ ጋር ሎስ አንጀለስ የሰነበትንባት ሳምንት

«አሜሪካ እንዴት ነበረች?» የማይለኝ ሰው የለም። የክለባችን ወላጆች ጠይቀውኛል፣ ጎረቤቶቼ ጠይቀውኛል፣ ቲማቲም የምትሸጥልኝ የጉሊት ነጋዴ ሳትቀር ጠይቃኛለች። ለእያንዳንዱ ከሀ ስጀምር ጉሮሮዬ ስለደረቀ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ተቀምጫለሁ። አስቀድሜ ግን ላስጠንቅቅ። ፊልም የሚሠራበትን ሰፈር አላየሁም። ተራራው ላይ የተተከሉትን ትልልቅ ነጫጭ ፊደላትም ያየኋቸው በመኪና መስኮት፣ ለዚያውም በጭጋግ ውስጥ ነው። ደህና አድርጌ ያየሁት የቴኒስ ሜዳ፣ የሰው ሳሎንና አንድ የሽቦ አጥር ነው።

ለማያውቁኝ፣ ወርቅነሽ እባላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አሮጌ ክለብ ታዳጊዎችን ቴኒስ አሠለጥናለሁ። አባቴ የዚያው ክለብ ሜዳ ጠባቂ ነበር፤ ቀዩን አፈር ያጠጣል፣ ይጠርጋል፣ መስመሩን በኖራ ያሰምራል። እኔ ደግሞ ኳስ እለቅም ነበር። ከሜዳችን ኋላ አጥር አለ፣ ከአጥሩ ኋላ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ። አጥር የዘለለ ኳስ ካለ ወርጄ ሳላገኝ መመለስ አይታሰብም። አሠልጣኝ ስሆን ያወጣሁት የመጀመሪያ ሕግም «አጥር ያሻገረ ይወርዳል» የሚል ነው። ኳስ እንደ ልብ አይገኝም፤ ያለችውን ፀጉሯ ረግፎ ራሰ በራ እስክትሆን እንጫወትባታለን። ልጆቼ ታዲያ ኳስ ሲመቱ እንቁላል እንደያዘ ሰው ናቸው፤ አይስቱም፣ አያባክኑም። እውነቱን ለመናገር በዚህ እኮራ ነበር።

ርብቃ ከሁሉም የተሻለችው ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ናይሮቢ ላይ በተደረገ የታዳጊዎች ውድድር ኮሊን የሚባል እንግሊዛዊ አሠልጣኝ አያት። ኮሊን ከሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ቶራንስ በምትባል ከተማ ማሠልጠኛ አለው። በየዓመቱ አንድ የውጭ አገር ልጅ ትምህርቱንም ማደሪያውንም ችሎ ያስተምራል። «አምጪያትና ሳምንቱን ልያት፤ አርብ ከአንዲት ልጅ ጋር አጋጥሜያት እወስናለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። አገር አቋርጠን የሄድነው ለዚያች አንዲት አርብ ነው።

ቅዳሜ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የርብቃ እናት በችኮላ ያሰሩት ሻንጣ ቦሌ ሰልፉ ላይ ፈነዳ። በሶው፣ ቆሎው፣ ካልሲው፣ ሁሉም መሬት ላይ ተዘረገፈ። ከኋላችን የነበሩ አንድ አባት ቀበቷቸውን ፈተው ሻንጣውን አሰሩልን። «እርስዎስ ሱሪዎ?» ስላቸው «በእጄ እይዘዋለሁ፤ ሩቅ አልሄድም፣ ዱባይ ነኝ» አሉኝ። የማላውቃቸውን የኚያን ሰው ቀበቶ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

እሑድ

ሎስ አንጀለስ ስንደርስ ፈታሹ የበሶውን ከረጢት አንስቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። እንግሊዝኛዬ ከሜዳ ውጭ ብዙም አይራመድም፤ «የስፖርተኛ ምግብ ነው» አልኩት። ከረጢቱን አገላብጦ አላመነኝም። ርብቃ ቀልጠፍ አለችና ከውኃ ጠርሙሷ ላይ ጨምራ፣ በጥብጣ፣ ፊቱ ቆማ ግጥም አድርጋ ጠጣችው። ሰውዬው ሳቀና አሳለፈን።

በር ላይ ሰው የእንግዳውን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ ይቆማል። የእኛ ተቀባይ ግን አሮጌ ራኬት ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ነበር የቆሙት። ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ የአንድ የክለባችን አባል ታላቅ ወንድም። እዚያ አገር ዕድሜያቸውን በታክሲ ሾፌርነት አሳልፈው አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቻቸው ጋር ቴኒስ ይጫወታሉ። ሻንጣችንን ሊጭኑ የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ሲከፍቱ ውስጡ ሙሉ በሙሉ ኳስ ነው።

«ይቅርታ ወርቄ፣ ክሊን አላደረግኩትም» አሉኝ። ያን ያህል ኳስ አንድ ላይ ተከማችቶ አይቼ ስለማላውቅ አፌን ከፍቼ ቀርቼ ነበር።

ቤታቸው ከፌርፋክስ ጎዳና እጥፍ ብሎ ነው። ጎዳናው ላይ የአማርኛው ታፔላ ተደርድሯል፤ ሽሮና በርበሬው ይሸጣል፣ ሰላምታው ያው ነው፤ ርብቃ «ኮች፣ አሥራ ምናምን ሰዓት በርረን ቦሌ መድኃኔዓለም ነው እንዴ የመጣነው?» አለችኝ። የጋሼ ታደሰ ባለቤት እትዬ አልማዝ የራሳቸውን መኝታ ቤት ለቀውልን ሳሎን ወረዱ። ብንለምን፣ ብናስለምን አልሰሙም። «እኔ ሶፋ ላይ ካልሆነ ወገቤ አይስማማውም» አሉ። ውሸታቸውን እንደሆነ በማግስቱ ጠዋት ወገባቸውን ይዘው ሲነሱ አየኋቸው።

ሰኞ

ድካም እንድናወጣ ጋሼ ታደሰ የሕዝብ ፓርክ ውስጥ ወዳለ ሜዳ ወሰዱን። በሩ ላይ ዘበኛ የለም። የአባልነት ካርድ የሚጠይቅ የለም። ተራ የሚያዘው ራኬትን አጥሩ ላይ በመስቀል ነው፤ አጥሩ ላይ አራት ራኬት ተንጠልጥሏል፣ አምስተኛውን የኛን ሰቀልን። ባለቤቶቹ ሳር ላይ ተጋድመው ያወራሉ። እኛ ጋ ቢሆን ራኬቱ ወዲያው እግር ያወጣ ነበር ብዬ ስቄያለሁ። ግን ቀናሁም፤ መንገደኛ ሕጻን ገብቶ ኳስ የሚመታበት ሜዳ እኛ አገር የት አለ? የእኔን ርብቃ እንኳ ያስገባኋት ለዘበኛው «የአክስቴ ልጅ ናት» ብዬ ነው።

ማክሰኞ

የፈሩት ይደርሳል። ቶራንስ ለባሕሩ ቅርብ ናት። ከሜዳዎቹ ባሻገር የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከባሕሩ የሚነሣ ጭጋግ ይለብሳታል፣ ልክ የኛ ነሐሴ፣ ዝናብ ብቻ የሌለው። ኮሊን ቁመተ ረዥም፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ትሑት ሰው ነው።

ልምምዱ ተጀመረ። የርብቃ ኳስ አልሄድ አለ። ያ ናይሮቢ ላይ መስመር እየላሰ የሚያርፈው ምቷ መረቡ ላይ ይቀራል፣ ወይም ሜዳው መሐል ልፍስፍስ ብሎ ይወድቃል፤ ሌሎቹ ልጆች ደርሰው ይጨፈልቁታል። ደነገጠች። በድንጋጤዋ አንዱን ጠንከር አድርጋ ብትመታው አጥሩን ዘሎ ሄደ።

ከዚያ የሆነውን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። ርብቃ ራኬቷን ጣለችና በበሩ ሮጣ ወጣች። እኔም ሳላስብ ተከትያት ሮጥኩ! ሁለታችን አጠገቡ ባለ የመኪና ዕቃ መጋዘን ግቢ ገብተን፣ በጎማዎች መሐል ጎንበስ ጎንበስ እያልን፣ አንድ ሰንሰለት ላይ ያለ ትልቅ ውሻ እየጮኸብን ፈለግን። አገኘናት። በድል አድራጊነት ይዘናት ስንመለስ ስምንት ልጆችና ሦስት አሠልጣኞች ልምምዱን አቁመው ያዩናል። ከኋላቸው ኳስ የሞላ ሦስት ትልልቅ ጋሪ ቆሟል።

ኮሊን አልሳቀም። ኳሷን ከርብቃ እጅ በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገናት። ለዚህ ለዘላለም አመሰግነዋለሁ።

ረቡዕ

እትዬ አልማዝ ኮሊንን ፌርፋክስ ላይ ምሳ ጋበዙት። ጋሼ ታደሰ መኪናውን ለማቆም አንድ ምሰሶ ላይ የተደረደሩ አራት የማቆሚያ ምልክቶችን ቆመው ሲያነቡ ቆዩ፤ ይህን ያህል ዓመት ነድተው እንኳ እንደ ፈተና ወረቀት ነው የሚያነቡት። የጾም በየዓይነቱ ቀረበ። ኮሊን በእጁ ሲበላ እጅጌው ቀይ ወጥ ነካ፤ አላወቀም፣ እኛም አልነገርነውም።

እኔ የአገሩን የእንግሊዝን የቴኒስ ስኬት አደነቅኩለት፤ በቴሌቪዥን አየዋለሁና። ጋሼ ታደሰ አስተረጎሙልን።

«እውነት ነው፣ አሁን ጥሩ ጊዜ ላይ ነን፤ ወንዱም ሴቱም ብቅ ብቅ ብሏል» አለ ኮሊን። «በጋ ላይ ትልቁ ውድድር ሲመጣ አገሩ ሁሉ ለሁለት ሳምንት የቴኒስ አዋቂ ይሆናል። ልጃችን ሲያሸንፍ አገሪቱ አሸነፈች ይባላል። ገንዘቡም ሕንጻውም አለን። ግን ሻምፒዮኖቹን እንዴት እዚህ ደረሳችሁ ብትያቸው፣ ብዙዎቹ የሚነግሩሽ ስለ አንዲት እልኸኛ እናት ወይም ከሥራ በኋላ በነፃ ስላስተማራቸው ጎረቤት ነው። ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። እኔ የተማርኩባቸው ሁለት ሜዳዎች ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ሆነዋል።»

«ፓርኪንግ ከሆነማ ሀበሻ ይዞታል ማለት ነው!» አሉ ጋሼ ታደሰ። ለእሱም በእንግሊዝኛ ነገሩት፤ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሶ፣ አንድ እንጨት አይነድም ነው የሚልሽ» ብለው ጠቀለሉልኝ።

ኮሊን ሳቁን ሲጨርስ ጠየቀኝ። «ርብቃ ከመስመሩ ኋላ ገደል ያለ ይመስል የምትመታው ለምንድን ነው?»

«ገደል ስላለ ነው» አልኩት።

መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ስለ ወንዙ፣ ስለ ሕጌ፣ ስለ አባቴ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና በቀስታ እንዲህ አለ፦ «ባለመሳት ብቻ የምታሸንፍ ልጅ እስከ አንድ ደረጃ ትሄዳለች። ከዚያ በላይ ያሉት ይመቱባታል። አርብ ውጤቱን አልመለከትም፤ ስትመታ ማየት ነው የምፈልገው። ካልመታች ቦታው ለሌላ ልጅ ነው። ሸፋፍኜ ከማባብልሽ ብዬ ነው።»

ልጅቷን ያሠርኳት እኔ ነኝ። ስስቴን ጥበብ ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ስንመለስ፣ ጋሼ ታደሰ ቀይ መብራት ላይ ቆመው «ኦኬ፣ ችግሩ ኳስ እንዳይጠፋ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ነገ ኳስ አይጠፋም።» ስልካቸውን አወጡ።

ሐሙስ

በሦስት ሰዓት ፓርኩ ስንደርስ የቅዳሜ ተጫዋቾቹ ሁሉ መጥተዋል። ከግሌንዴል የመጡ ሁለት ጡረተኞች አሉ፣ ከጋርዴና ሥራ ከመግባቱ በፊት የፓርኪንግ ዩኒፎርሙን ለብሶ የመጣ አለ፣ እትዬ አልማዝም የስፖርት ጫማ አድርገዋል። ከአጥሩ ውጭ፣ ሳሩ ላይ፣ እየተራራቁ ተሰለፉ። ጋሼ ታደሰ ኳሱን በቅርጫት አምጥተው እግሬ ሥር አፈሰሱት።

«አጥር ያሻገርሽውን እኛ ለቅመን እንመልሳለን» አሏት ርብቃን። «አንቺ ዝም ብለሽ ምቺ።»

ምን የሆነች ይመስላችኋል? ጭራሽ ባሰባት! እነዚህ አያት የሚሆኑ ሰዎች ለእሷ ጎንበስ ብለው ኳስ ሊለቅሙ? ድሮ ለኳሱ የምትሳሳውን አሁን ለሽማግሌዎቹ ጉልበት ሳሳች። ኳሱን እየዳበሰች፣ አንዱም አጥሩ አጠገብ ሳይደርስ፣ አንድ ቅርጫት ጨረሰች። እኔም አልፈረድኩባትም፤ እኔም ብሆን እጄ አይታዘዘኝም ነበር።

ጋሼ ታደሰ በአጥሩ ቀዳዳ ጣታቸውን አስገብተው ተቆጡ። «ስሚ አንቺ ልጅ! እኔ እዚህ የቆምኩት ተገትሬ ልቀር ነው? ታላቅሽ አይደለሁም? አዝዤሻለሁ፤ አሻግሪ!»

«ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ እርስዎን…»

«የኔ እናት» አሉ እትዬ አልማዝ ከወዲያ፣ «ዶክተሬ በቀን አንድ ሰዓት ዎክ አድርጊ ብሎኛል፤ ሰው አጥቼ ነው እንጂ። ዎክ አስደርጊኝ!»

ርብቃ አየችኝ። የእኔ ተራ እንደሆነ ገባኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ርብቃ፣ ሕጉ ተሽሯል» አልኳት። አባቴን የካድኩ መሰለኝ።

ታላቅ ካዘዘ እምቢ አይባልም። ትንፋሽ ወስዳ መታችው። ኳሷ አጥሩን፣ ሳሩን፣ ጋሼ ታደሰንም አልፋ ሄደች፤ እትዬ አልማዝ ደርሰውባት ሲያነሷት እልልታቸውን ለቀቁት። ከዚያ በኋላ የሚያቆማት አልተገኘም። ኳስ ዘነበ። ሽማግሌዎቹ «የኔ ናት! ተዋት!» እያሉ እንደ ልጅ ተሯሯጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን በዓይኔ አየሁት። ውሻውን የሚያንሸራሽር አንድ የማናውቀው ሰው ሳይቀር ገብቶበት ይለቅም ጀመር።

አንድ ነገር ያስተዋልኩት ያኔ ነው። በሙሉ ኃይሏ ስትመታ፣ እየቆየ፣ ኳሱ አጥር መዝለሉን ትቶ የኋላው መስመር ላይ ማረፍ ጀመረ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም! አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ ናይሮቢም እንዲሁ፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይበራል። ባሕሩ አጠገብ ግን አየሩ ከባድ ነው፤ ኳስን ይይዛታል። እኛ ጋ ወንዝ የሚያስወርደው ምት እዚህ ልክ ነው። የሃያ ዓመት አሠልጣኝ ነኝ ባይ ይህን ማክሰኞ አለማየቴ!

አርብ

ተጋጣሚዋ ማያ የምትባል የዚያው የቶራንስ ልጅ ናት፤ ቁመቷ ከርብቃ በራስ ይበልጣል። ኮሊን ማስታወሻውን ይዞ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሱን ስታይ ርብቃ ወደ ድሮዋ ተመለሰች። የመጀመሪያው ዙር እንደ ማክሰኞው አለቀ። እጄን በእጄ ጨብጬ ነበር የተቀመጥኩት።

ሜዳ ሲቀያየሩ ርብቃ ቀና ብላ ከአጥሩ ውጭ አየች። እኔም ዞርኩ። በሁለት መኪና ተጭነው መጥተዋል። እንደ ሐሙሱ እየተራራቁ፣ በያሉበት ቦታ ቆመዋል፤ እትዬ አልማዝ ግራ ጥግ፣ ጋሼ ታደሰ መሐል፣ ባለ ዩኒፎርሙ ቀኝ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልጮኸም። ጎንበስ ብለው ብቻ ይጠብቃሉ። ርብቃ ሳቀች።

ቀጣዩን ኳስ መታችው፤ አጥሩን ዘለለ። እግሯ ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ሮጠ። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር! ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ቆምን፣ ተያየን፣ እኔ ተቀመጥኩ። ከውጭ ጋሼ ታደሰ ኳሱን ከፍ አድርገው «አለ! አለ! ቀጥዪ!» አሉ።

ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልጅ አላውቃትም። ማያ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለች አጥሩ ላይ ተለጠፈች። በእርግጥ ርብቃ ትስታለች፤ አራተኛው ኳስ አጥር ዘሎ ሲሄድ ኮሊን ማስታወሻውን አጥፎ፣ ተነሥቶ፣ ጥሎን ሄደ። በቃ፣ አለቀ፣ እኔና ሕጌ አስቀረናት አልኩ። ርብቃ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር አላየችም፤ ትመታለች።

ኮሊን ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ተመለሰና አጠገቤ ተቀመጠ። ጉልበቱ ላይ ረዥም ቅጽ ዘርግቷል።

«የጫማ ቁጥሯ ስንት ነው?» አለኝ።

«ሠላሳ ስምንት» አልኩት። ከዚያ ለምን እንደጠየቀኝ ገባኝ፤ መመዝገቢያዋን እየሞላ ነው። እንባዬ የጻፈበት ቅጽ ላይ እንዳይንጠባጠብ ወረቀቱን ወደዚያ ፈቀቅ አደረገው።

ሁለተኛውን ዙር ርብቃ ወሰደች፤ ሦስተኛውን ለጥቂት ተሸነፈች። ተሸንፋ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከመስከረም ጀምሮ ቶራንስ ናት። «ማደሪያ አላት» ያለውን ኮሊንን እትዬ አልማዝ ተቆጡት፤ «ቅዳሜና እሑድ የኔ ናት፤ ዲል?» አሉት። እጅ ተጨባበጡ።

ቅዳሜ፣ ከዚያም ቤት

የቅዳሜ ተጫዋቾቹ ያገለገሉ ኳሶቻቸውን ሁሉ በሁለት ትልልቅ ሻንጣ ሞልተው ሰጡን። ሚዛን ላይ ሲወጣ ቤት የሚያህለው ሻንጣ እንደ ላባ ሆነ፤ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ባዶ መስሏት «ዕቃችሁን ረሳችሁ» አለችን።

በተመለስን በማግስቱ ልጆቹን ሁሉ ሜዳ ላይ ሰበሰብኩ። ስለ ሎስ አንጀለስ ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ተውኩት። ከሻንጣው አንድ ኳስ አወጣሁ፣ አባቴ ያሰምረው የነበረው መስመር ላይ ቆምኩ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። አጥሩን አልፎ፣ ገደሉን አልፎ ወረደ። ወንዙ ውስጥ ሲገባ ሁላችንም ሰማን።

ልጆቹ አንዴ እኔን አንዴ አጥሩን አዩ። ትንሿ ልጅ ምሕረት ጫማዋን ማሰር ጀመረች።

«ኮች፣ እኔ ልውረድልሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ ማንም አይወርድም» አልኳት፤ ሁለተኛዋን ኳስ ለእሷ ሰጠኋት።